የወንድሜ የእርሳስ ሰዎች

ሞላሌ ውስጥ ከወንድሜ ጋር የምንኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው እሳቸው ዘንድ የገባሁት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ ሁለተኛ ደረጃም እስክጨርስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ዓይናቸው ሲጠፋ ማን ይሂድላቸው የሚል ክርክር በቤተ ዘመዱ መካከል አልተነሣም። ዕቃዬን ጠቅልዬ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ በጎልማሳነታቸው መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መጀመሪያ ጎማ ጠጋኝ፣ በኋላ መካኒክ ነበሩ። ካምፕ ውስጥ የሞተ ባትሪ አይጠፋም። ከባትሪው ሆድ እርሳስ ይወጣል፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ያንን ለስላሳና ከባድ ብረት ማለቴ ነው። እሱን በጣሳ እያቀለጡ በትርፍ ጊዜያቸው ትንንሽ ሰዎች ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ ከሰም ይቀርጹታል፣ በጭቃ ይለብጡታል፣ ጭቃውን ሲያሞቁት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ እርሳሱን ያፈሱበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ ሰውየው ይገኛል። ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም።

ሰዎቹን ከሐሳባቸው አላመጧቸውም። የጋራ ሣር መሬታችን ጓሳ ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ ለአጨዳ የተፈታ ዕለት ከሰፈራችን የወጣውን ሰው ነው አንድ በአንድ የሠሩት። ሣር የተሸከሙ ሴቶች አሉ፤ ማጭድ የያዙ ወንዶች አሉ፤ ቄሱ ከነበቅሏቸው አሉ። እናታችን ሸክሟ ከራሷ በላይ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ለማለት የፈለገች ትመስላለች። የጋሼ የዕድሜ እኩያ የሆኑት ጎረቤታችን ደግሞ ያን ዕለት ፈረስ ጥሏቸው ነበርና ራሳቸውን በነጠላ አስረው ቆመዋል። ከእኚህ ጎረቤታችን በቀር ሌሎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ጋሼ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ሆኑ። ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል በር ላይ ወንበር አወጣላቸዋለሁ፤ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ። አንዱን ያነሣሉ፣ በጣታቸው ይዳብሱታል፣ ማን እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከእሱ ይጀምሩታል፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ የማን ማሳ ከየት እስከ የት እንደነበር፣ የትኛው የድንበር ድንጋይ በማን እጅ እንደተተከለ። ወንድማማች በርስት ሲጣላ፣ ሰው ድንበር ሲጋፋ፣ ለሽምግልና እሳቸውን የሚጠሯቸው ስለዚህ ነው። ዓይነ ሥውር ሆነው ከዓይናማዎቹ ይልቅ የሚታመኑት እሳቸው ነበሩ።

ሳጥኑ ከጥድ የተሠራ ነው፤ ክዳኑ ግጥም ያለ። ሰዎቹ በአሮጌ ባና፣ በበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። እኛ ቤት ባና ያለ ጢስ አይከርምም፤ ብል ይበላዋል። ከቆላ የመጣ ወይራ ከገበያ ይገዛል፣ ፍም ላይ ይደረጋል፣ ሰዎቹ ወጥተው ሳጥኑ ከነባናው በላዩ ይደፋል፣ ሰዎቹ ተመልሰው ጢሱ ሳይወጣ ክዳኑ ይገጠማል። ጋሼ ዓይን ሳላቸው ይህን የሚያደርጉት ክረምት ሲወጣ ብቻ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ብሉን ማየት ስለማይችሉ በአፍንጫቸው መጠበቅ ያዙ። ሳጥኑን ከፍተው ያሸታሉ። ሽታው ቀለል ካለባቸው፣

"አጥኚው" ይሉኛል።

አጥናለሁ። ጉልበቴን ወገቤን እያልኩ ነው የማጥነው፤ ግን ክርክር ደግሞ ከማጠን ይብሳል።

ባናው ላይ ነጭ ዱቄት ማየት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የገብስ ዱቄት ይመስላል። ብል የፈጨው መስሎኝ አራግፈው ነበር። ለጋሼም ብል ገባ ብዬ ስነግራቸው ጢሱን አስጨመሩኝ።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው ፀሐይ ሊሞቁ መጡ። ጋሼ ከሳጥኑ አንዱን አንሥተው አገላበጡት።

"ይቺ የቄሱ በቅሎ ናት" አሉ። "ምነው እግሯ ሻከረ?"

ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው አዩ።

"የማን በቅሎ? እኔ እኮ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ!"

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኛ! ፈረስ ጥሎኝ ራሴን ያሰርኩ ጊዜ! የእርሳስ ፈረሱን እንኳ ካሳ ብለህ ለኔ ሰጥተኸኝ የለም?"

"እውነትህን ነው?"

"መቼም ሚስቴ አህያ ስትለኝ ኖራለች። በቅሎ ማለትህ ሹመት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

እኔም ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። ሰውየውን በጣታቸው መካከል ብዙ ጊዜ አሽከረከሩት፣ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። በማግሥቱ ሌላ አነሡ። ፊቱን በአውራ ጣታቸው፣ ጀርባውን በሌባ ጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ።

"ይቺ ማናት?" አሉኝ።

"እናታችን ናት" አልኳቸው።

ሳጥኑን ዝጊው አሉኝ፤ ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋት ሳጥኑን ሳቀርብላቸው "ተይው" ይሉኝ ጀመር።

የፈሩትን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባታችን መጨረሻ ላይ አእምሯቸው ሄዶ ነበር። ሸጠው የጨረሱትን ማሳ ሊያርሱ ሞፈር ተሸክመው ሲወጡ ጋሼ ናቸው ከመንገድ የሚመልሷቸው። ይህን ያየ ሰው እናቱን በእጁ ይዞ ማናት ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው አንደኛው መጥረቢያ አንሥቶ ነበር፤ ጋሼ መጥተው የድሮውን ወሰን እንዲናገሩ ነው የፈለጉት። ጋሼ ሳይቀመጡ አሰናበቷቸው።

"ሌላ ሰው ፈልጉ" አሏቸው። "የእኔ ቃል ከእንግዲህ ማንንም አያስታርቅም።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?"

"እኔ የለሁም። ያለሁ መሰላችሁ እንጂ የለሁም።"

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንደኛው በር ላይ፣ "ታመሙ እንዴ?" አለኝ። ድካም ነው አልኩት። በዚያው ሳምንት ጋሼ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ በጎቹም ለማን ለማን እንደሚሰጡ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ጭንቅላታቸው ሳይሄድ ሊጨርሱት ቸኩለዋል።

"ምናልባት ጣትዎ ደክሞ ይሆናል" ብላቸው፣

"ጣቴ ገብስና ስንዴ ይለያል" አሉኝ። "የደከመው ላይኛው ነው።"

እኔ ሰው ማጽናናት አልሆነልኝም፤ ድሮም አልችልበትም። የምችለው ዕቃ ማጽዳት ነው። ጋሼ ጋደም ባሉበት ሳጥኑን ወደ ደጅ አውጥቼ ባናውን ፀሐይ ላይ ፈታሁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩሬ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከላይ የነበሩት ጥቂቶች ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ ልሙጥና ከባድ። ወደ ታች፣ ወደ እንጨቱ የተጠጉት ግን ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል። አንዳንዱ ላይ ቅርፊቱ እንደ ኪንታሮት አብጧል። የቄሱን በቅሎ ሳነሣት እግሯ በጣቴ መካከል ተሰብሮ ቀረ፤ ስብራቱ ውስጥ ድረስ ነጭ ነው። እናታችንን አነሣኋት። ሸክሟ አለ። ፊቷ ባለበት ቦታ ሻካራ እብጠት እንጂ አፍንጫም ዓይንም የለም። ዓይን ያለኝ እኔም ብሆን በሸክሟ ካልሆነ አላውቃትም ነበር።

የጋሼ ጣት አልተሳሳተም ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ከተማርነው የማስታውሰው ብረት ሲዝግ ቀይ እንደሚሆን ነው። ነጭ ዝገት አላውቅም። ልጄ ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"እማዬ፣ በእጅሽ ነክተሽዋል?"

"በምን ልንካው ታዲያ?"

"ሂጂና በሳሙና ታጠቢ። ታጥበሽ ደውዪልኝ።"

"መጀመሪያ ንገሪኝና..."

"ታጠቢ አልኩሽ!"

ታጥቤ ደወልኩ። ዱቄቱ ራሱ እርሳስ ነው፣ መርዝ ነው አለችኝ። ከእጅ ወደ አፍ ከገባ ሆድ ያውካል፤ ሲጠራቀም አንጎልንም ይጎዳል።

"አጎቴ ሲነኩት ከርመዋል?"

"ጠዋት ጠዋት።"

"ወይ እናቴ!" አለች። ከዚያ እንደ ሐኪም ትጠይቀኝ ጀመር። "በምን ውስጥ ነው የተቀመጠው?"

"በጥድ ሳጥን።"

"ክዳን አለው?"

"ግጥም ያለ። ደግሞ እናጥነዋለን።"

"ምን ታደርጉታላችሁ?"

"በወይራ እናጥነዋለን። ለብሉ።"

በወይራ ነው ያልሽው ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ጢስ ውስጥ ኮምጣጤ አለ" አለች። "እንጨቱም ቢሆን በራሱ ትንሽ ትንሽ ይተፋል። ክዳን ሲገጠምበት መሄጃ ያጣል፤ እርሳሱ ላይ ተቀምጦ ይበላዋል። እርሳስ ከኮምጣጤ ጋር አይስማማም። ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው ይህን ያህል የምታጥኑት?"

"ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ።"

"ለእሳቸው ጢሱን አትንገሪያቸው" አለች። "እርሳሱ አርጅቶ ነው በያቸው፤ ይበቃል። በገዛ እጃቸው አጠፏቸው ብሎ መንገር ለምን ይጠቅማል?"

ልጄ ደግ ናት። ግን ጋሼ መካኒክ ናቸው፤ ሞተር ሲቆም አርጅቶ ነው የሚል መልስ ተቀብለው አያውቁም። ግማሽ ምክንያት ብነግራቸው ያለቀው ጭንቅላታቸው እንደሆነና እኔ ላጽናናቸው እንደዋሸሁ ነው የሚያስቡት። ቃሌ ብቻውንም አይበቃቸውም። ስለዚህ በማግሥቱ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ የተሰጣቸውን የእርሳስ ፈረስ እንዲያመጡት ለመንኳቸው። ፈረሱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ግድግዳቸው ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ በነፋስ ነበር የኖረው። ጥቁር ነው፤ ዱቄት የለበትም።

ጋሼ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታችን ምንም ሳይናገሩ ፈረሱን መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

ጋሼ ጣታቸውን አንዴ ብቻ አሳለፉበት።

"ይኼ ፈረስህ ነው" አሉ። "ግራ ጆሮው ሳፈስሰው ጎድሎብኛል። ሁለተኛ ላቀልጠው ስል ነው አንተ ተንሰፍስፈህ የወሰድከው።"

"ተንሰፍስፌ? በግድ ነው የሰጠኸኝ!"

"ጋሼ" አልኳቸው፤ "ጭንቅላትዎ ደህና ነው። የተበላው እርሳሱ ነው። የእናታችን ፊት የለም፤ እኔም አይቼ አላወቅኋትም።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ምን በላው?"

"ጢሱ ነው። ወይራው። ጢሱና እንጨቱ ኮምጣጤ ያወጣሉ፤ ክዳኑ ያፍነዋል።"

ፈረሱን በጣታቸው አገላበጡት።

"ብል እንዳይበላብኝ ብዬ" አሉ ጋሼ።

"ብል ባና ነው የሚበላ" አሉ ጎረቤታችን። "እርሳስ የሚበላ ብል አንተን አየሁ።"

ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነና ውኃ አመጣሁላቸው። ውኃውን ጠጥተው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ የተጣሉትን ወንድማማቾች አስታርቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ገና ናቸው አልኳቸው።

"ላኪባቸው እንግዲያው" አሉ።

ልጄ በሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ መጣች። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ለስላሳ ብሩሽና ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ሥራውን ነፋስ ከሌለበት ግድግዳ ሥር ሠራነው። ዱቄቱ እንዳይበን ከሥር የራሰ ጋዜጣ አነጠፍን፤ ሰዎቹን ግን በደረቁ ነው የቦረሽናቸው። ጎረቤታችን የነሐስ ዋንጫ እንደምናጸዳው በሎሚና በአመድ እሹት ብለው ነበር፤ ልጄ ሎሚ ከኮምጣጤ አይሻልም ብላ ከለከለች። ጥቁር ግራጫውን ልባስ እንዳትነኪው አለችኝ። እሱ እርሳሱ የለበሰው ቆዳ ነው፤ ጠባቂው ነው። ጠላቱ ነጩ ነው። የዳኑትን ለብቻ፣ የታመሙትን ለብቻ አደረግን። ተሰባብረው የማይያዙትን ከጋዜጣው ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው፤ ከእሳትና ከጓሮ ይራቅ ብላ።

ከነፋስ የሚከላከል ነገር በስሱ መቀባት ነበረብን። ጋሼ ጧፍ አምጡ አሉ።

"የንብ ሰም አይሆንም፣ አጎቴ" አለች ልጄ። "ነጭ የሱቅ ሻማ ነው የሚሻለው። የንብ ሰም ውስጥም አሲድ አለ።"

"ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን ሲበራ ማንም አሲድ አለው አላለ።"

"ቤተ ክርስቲያን እርሳስ አይቀባም እኮ።"

"አፏን አየሽው?" አሉኝ ጋሼ፤ ቢሆንም ደስ ብሏቸዋል።

ሰዎቹን ፀሐይ ላይ አሙቀን የቀለጠ ሻማ በብሩሽ ቀባናቸው። በታጠበ ነጭ አቡጀዲ እየጠቀለልን ቆርቆሮው ውስጥ ደረደርናቸው። ከመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም ጨመርንበት። ቆርቆሮው ከማድ ቤቱ ርቆ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ አውጥቼ በጥቁር ጨርቅ ላይ አራግፋቸዋለሁ። ጨርቁ ላይ ነጭ ካልወረደ ደህና ናቸው። ከወረደ ያንን ሰው ከሌሎቹ እለየዋለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ ነጩን ለማየት ጨርቁን ወደ በር ይዤ መሄድ አለብኝ። ግን ከማጠን ይቀላል።

ጋሼ ያለ ጓንት እንዳይነኳቸው ተስማማን። ጓንቱን አጥልቄላቸው እናታችንን ሰጠኋቸው። ጥቂት ያዟት።

"በዚህ ጓንት ውስጥ ሁሉም አንድ ነው" አሉና መለሷት። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን አላስከፈቱም። ወደ ድንበሩ ሽምግልና ግን ሄዱ፤ ድንጋዩ ከኮሶው ዛፍ በስተምዕራብ እንደነበር ተናገሩ፤ ተቆፈረ፤ ተገኘ።

ልጄ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ በእሳቸው ዕድሜ ደማቸውን በመድኃኒት ከማጽዳት ይልቅ እጃቸውን መታጠባቸው ይበጃል ብሏል። ስለዚህ ከመብል በፊት እኔ ነኝ የማስታጥባቸው፤ ጥፍራቸውንም እቆርጣለሁ።

አሁን ለሁሉም ነገር የሚሰጡት ምክንያት አንድ ሆኗል። ከዘራቸውን ያስቀመጡበት ሲጠፋቸው እርሳሱ ነው ይላሉ። የጀመሩት ወሬ መሐል ላይ ሲቆም እርሳሱ ነው። ጎረቤታችን ይስቃሉ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ የማላውቀው የትኛው ቀልድ፣ የትኛው ዕድሜ፣ የትኛው ዱቄቱ እንደሆነ ነው። ልጄም በስልክ ስትጠይቀኝ ደህና ናቸው እላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጠዋት መጥተው ከጋሼ ጋር ብዙ ተጨዋውተው ሄዱ። ምሳ ሳቀርብላቸው ጋሼ፣

"ሰውየው ዛሬ ምነው ቀረ?" አሉኝ።

"ጠዋት እዚህ አልነበሩም እንዴ?" አልኳቸው።

እጃቸው ወጡ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

"እርሳሱ ነው" አሉ።

"እርሳሱ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው፤ ሳህኑንም ወደ እጃቸው አስጠጋሁላቸው።